በሸለብታ ውስጥ የሚወርዱ ጡቦች

ለድግስ ምስር ስትለቅሙ የዋላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ማታ ጋደም ብላችሁ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ ሰፌዱ ይመጣል። ምስሩ ይበተናል፣ ጠጠሩ ብቅ ይላል፣ እጃችሁ ሳይንቀሳቀስ ትለቅማላችሁ። ቀኑን ሙሉ በአውቶብስ የተጓዘ ሰውም ያውቀዋል። አልጋው ላይ ወጥቶም ኩርባው አላለቀለትም፤ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ወደ ግራ ያዘነብላል።

አማርኛ ለዚህች ሰዓት ጥሩ ቃል አለው፦ ሸለብታ። ነቅቷል አይባል፣ ተኝቷል አይባል። እዚያ ያየነውን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት አናስታውሰውም። ብናስታውሰውም ለሰው አናወራውም። «ማታ ምስር አየሁ» ብሎ ሕልም ፍቺ የሚጠይቅ ማን አለ?

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ይቺው ተራ ነገር ናት። በኦክቶበር 2000 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ጥናቱ ትንሽ ነው። 27 ሰው፣ አንድ የኮምፒውተር ጌም፣ ሦስት ቀን። ከ27ቱ ውስጥ አምስቱ ጌሙን መጫወታቸውን እንኳ የማያስታውሱ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ጥናቱን ዛሬ የሚያነሳው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ተራራው

ነገሩ የጀመረው በተራራ ነው። ሮበርት ስቲክጎልድ በሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት የእንቅልፍ ተመራማሪ ናቸው። ትምህርታቸው ባዮኬሚስትሪ ነበር፤ የሳይንስ ልብወለድም ጽፈዋል። አንድ ቀን ከቤተሰባቸው ጋር ቨርሞንት በተባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ተራራ ሲወጡ ዋሉ። የተራራው ስም በአማርኛ ሲመለስ «የግመል ሻኛ» ነው። ከፍታው 1,240 ሜትር ገደማ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ይሄ ቁልቁለት ነው፤ ቢሆንም ቋጥኙን በእጅ እየቧጠጡ የሚያልፉበት ቦታ አለው።

ማታ ሸለብ ሲያደርጋቸው ተራራው ላይ ተመልሰው ተገኙ። ቋጥኙ ከእጃቸው ሥር አለ። ደንገጥ ብለው ነቁ። እንደገና ሸለብ አደረጋቸው፣ እንደገና ቋጥኙ መጣ። ሁለት ሰዓት ያህል ተኝተው ነቁና ሆን ብለው ሊያመጡት ሞከሩ። አሁን ግን አልመጣም።

አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ያውቀዋል። ስቲክጎልድን የያዛቸው ግን የኋለኛው ነው። ማታ ላይ ሳይጠሩት ይመጣ የነበረ ነገር፣ ሁለት ሰዓት ከተተኛ በኋላ ተጠርቶም አልመጣም። በመሃል አንጎል አንድ ነገር ሠርቷል ማለት ነው። ምን?

ይህን ለማጥናት ሰዎችን ሰብስቦ ተራራ ማስወጣት አይቻልም። ቢቻልም ጣጣው ብዙ ነው። አንዱ ይደክመዋል፣ አንዱ እግሩን ይጎዳል፣ አንዱ ደግሞ ቋጥኙን ትቶ አብራው የወጣችውን ልጅ ሲያስብ ያድራል። ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ያስፈልግ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከተማሪዎቻቸው ነው፦ ቴትሪስ።

ጡቦቹ

ቴትሪስን የማያውቅ ይኖራል ብዬ አላስብም። በስሙ ባታውቁት በባትሪ በሚሠራው ትንሽ የእጅ ጌም ታውቁታላችሁ። አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባሉ ሩሲያዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሞስኮ ውስጥ የሠሩት ነው። ሰባት ዓይነት ቅርጾች አሉት፣ እያንዳንዳቸው ከአራት ትንንሽ ካሬዎች የተሠሩ። ከላይ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ተጫዋቹ እያዞረ ያለ ክፍተት ይደረድራቸዋል። አንድ መስመር ሲሞላ ይጠፋል። ሌላ ምንም የለም። ታሪክ የለው፣ ሰው የለው፣ ክፉና ደግ የለው።

ለተመራማሪ ወርቅ የሆነው ይህ ባዶነቱ ነው። አንድ ሰው በሸለብታው «ቤት አየሁ» ቢል የትኛውን ቤት እንዳየ ማን ያውቃል? «ቅርጾች ከላይ እየወረዱ፣ እኔ እያዞርኩ ልገጥማቸው ስሞክር» ካለ ግን ከየት እንደመጣ አያጠራጥርም።

ተጫዋቾቹ ሦስት ቡድን ነበሩ። 12ቱ ለጌሙ አዲስ ናቸው። 10ሩ ነባሮች ናቸው፤ ከዚያ በፊት ከ50 እስከ 500 ሰዓት የተጫወቱ፣ እጃቸው የፈታ። የቀሩት አምስቱ የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡ ታካሚዎች ናቸው። ሁሉም በሦስት ቀን ውስጥ በድምሩ ሰባት ሰዓት ተጫወቱ። ማታ ሊተኙ ሲሉ፣ እንቅልፍ በሚወስዳቸው ሰዓት ደጋግመው ይጠየቃሉ፦ አሁን በአእምሮህ ምን ነበር?

ስለ አምስቱ ታካሚዎች ቆም ማለት አለብኝ፤ ጉዳዩ እነሱ ላይ ነው ያለው።

ከጆሯችን ወደ ውስጥ፣ በሁለቱም የአንጎል ጎን፣ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ። ምን እንደሚሠራ ዓለም በደንብ የተረዳው በአንድ ሰው መከራ ነው። በ1953 አሜሪካ፣ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ ሔንሪ ሞላይሰን የተባለ የ27 ዓመት ወጣት የሚጥል በሽታው እንዲሻለው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ ከሁለቱም ጎን አብዛኛውን ሂፖካምፐስና በዙሪያው ያለውን አካል አወጡ። የሚጥለው በሽታ ቀነሰ። ሔንሪ ግን ከዚያ በኋላ አዲስ ትዝታ መያዝ አቃተው። በ2008፣ በ82 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ኖረ። ያነጋገረው ሰው ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ሰው ይተዋወቀዋል።

ብሬንዳ ሚልነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዚህ ሰው አንድ ፈተና ሰጡት። በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ በእርሳስ ተከትሎ እንዲሥል። መጀመሪያ ላይ የማንንም እጅ ያንገዳግዳል። ሔንሪ በሦስት ቀን ውስጥ ጎበዝ ሆነ። ግን በየቀኑ ፈተናውን ገና አሁን ያየው ነበር የሚመስለው። እጁ ለምዷል፣ እሱ ግን አያውቅም።

ከዚህ የተማርነው ትዝታ አንድ ዕቃ እንዳልሆነ ነው። «ትናንት እዚህ መጥቼ ይህን አደረግሁ» የሚለው አንድ ነው። እጅና ዓይን የለመዱት ሌላ ነው። አንዱ ሂፖካምፐስ ይፈልጋል፣ ሌላው ያለሱም ይሄዳል።

የስቲክጎልድ አምስት ታካሚዎች የተጎዱት በዚሁ አካባቢ ነው። ቴትሪሱን በየጊዜው እንደ አዲስ ማስረዳት ያስፈልግ ነበር። ውጤታቸውም እንደ ጤነኞቹ አልሆነም።

ማታ የተባለው

አሁን ወደ ውጤቱ። ከ12ቱ አዲስ ተጫዋቾች ዘጠኙ በሸለብታ የቴትሪስ ምስል አይተናል አሉ። ከ10ሩ ነባሮች አምስቱ። ከአምስቱ ታካሚዎች ሦስቱ። በድምሩ ከ27ቱ 17ቱ ማለት ነው። ወሬያቸውም ተመሳሳይ ነው። ቅርጾች ይወርዳሉ፣ ይዞራሉ፣ ይገጥማሉ ወይም አይገጥሙም።

አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ምስሉ የመጣው በሁለተኛው ሌሊት ላይ በርከት ብሎ ነው። አንጎል ገና በመጀመሪያው ቀን የተቸኮለ አይመስልም። ነገሩ ተደጋግሞ መምጣቱን አይቶ «ይሄስ ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም» ያለ ይመስላል። ይህ የኔ አነጋገር ነው፤ ስቲክጎልድም ግን ወደዚህ የሚጠጋ ነገር ብለዋል።

የታካሚዎቹ ነገር ግን ሌላ ነው። ከነሱ አንደኛዋ ለመጫወት ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ፣ ማንም ምንም ሳይላት ጣቶቿን ጌሙ የሚታዘዝባቸው ቁልፎች ላይ አኖረች። በትክክል እዚያው ላይ። ጌሙን ታውቂዋለሽ ወይ ብትባል አላውቀውም ነው መልሷ። እንግዲህ ታውቀዋለች ወይስ አታውቀውም? የሔንሪ እጅ እዚህም መጣ።

ማታ ደግሞ ስለ ቅርጾች ተናገሩ። በጎናቸው የተገለበጡ ቅርጾች። እንደ ጡብ ያሉ ነገሮች። ከየት እንደመጡ ግን የሚያውቅ የለም፤ ባስታውስ ደስ ይለኝ ነበር የሚል ቃልም አለበት። እኛ በሸለብታ ምስር ስናይ «አዎ፣ ቀን ስለቅም ስለዋልኩ ነው» ብለን ዞር እንላለን። እነዚህ ሰዎች ምስሩ ይመጣባቸዋል፣ ሰፌዱ ግን የለም። ባዶ አየር ላይ የተንጠለጠለ ትዝታ ማለት ይሄ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። ሂፖካምፐሱ የተጎዳ ሰው ያን ምስል ካየ፣ ምስሉ የመጣው ከሂፖካምፐስ አይደለም። የመጣው ከላይኛው የአንጎል ቅርፊት፣ ዓይን ያየውን ከሚያስቀምጠው ክፍል ነው ማለት ነው። ይህ ደግሞ የጤነኞቹንም ወሬ ይገልጻል። ጤነኞቹም ቢሆኑ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ኮምፒውተሩ ሳጥን አላወሩም። የመጣላቸው ቅርጹ ብቻ ነው። የት እንደነበሩ፣ ከማን ጋር እንደነበሩ የሚነግረው ክፍል በሸለብታ ጊዜ እጁን ያነሳ ይመስላል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት እኛና ታካሚዎቹ ያን ያህል አንራራቅም።

ሁለት ተቃውሞ፣ ሁለት ምስክር

ይህን ጥናት ለወዳጆቼ ሳወራ ሁልጊዜ የሚመጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ሁለቱም ተገቢ ናቸው።

አንደኛው፦ «ሰዎቹኮ ስለ ቴትሪስ እንደሚጠየቁ ያውቃሉ። ቢያዩም ባያዩም አየሁ ይላሉ።» እውነት ነው፣ ሰው ጠያቂውን ማስደሰት ይወዳል። ሰባት ሰዓት ቴትሪስ አጫውተኸው ማታ «ምን አየህ?» ብትለው ምን እንደምትፈልግ ይገባዋል። ነገር ግን ታካሚዎቹ ይህን ማድረግ አይችሉም። ቴትሪስ መጫወታቸውን የማያስታውሱ ሰዎች ጠያቂው ቴትሪስ እንደሚፈልግ በምን ያውቃሉ? መርሳታቸው ራሱ ምስክርነታቸውን አጠነከረው።

ሁለተኛው፦ «ይሄማ ዓይን ላይ የቀረ ጥላ ነው። አምፑል አፍጥጠህ አይተህ ዓይንህን ስትጨፍን እንደሚቀረው ዓይነት።» ለዚህ መልስ የሰጡት ነባሮቹ ናቸው። ከነሱ መካከል በጥናቱ የተጫወቱትን ሳይሆን ድሮ ይጫወቱት የነበረውን የቴትሪስ ዓይነት በሸለብታ ያዩ አሉ። ያን ቀን በዓይናቸው ያላዩትን ማለት ነው። ዓይን ላይ የቀረ ጥላ ቢሆን ኖሮ የዛሬው ነበር መምጣት ያለበት። አንጎል ግን የዛሬውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባና ከሱ ጋር የሚዛመደውን አሮጌ ነገር አወጣ።

የጥናቱ ውበት ለኔ እዚህ ላይ ነው። 12ቱ አዲስ ተጫዋቾች ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ወሬው «ሰው የሠራውን ያልማል» ከሚለው አያልፍም ነበር። ይህን ደግሞ አያቶቻችንም ያውቁታል።

ድክመቱን አለመናገር ግን ተገቢ አይደለም። አምስት ታካሚ አምስት ነው፤ ሦስት ከአምስት ብሎ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ከዚያም በላይ የተጠናው ሸለብታው እንጂ ጥልቁ እንቅልፍ አይደለም። ትልቁ ጉድለት ደግሞ ይሄ ነው፦ ምስሉ መምጣቱን አሳየ እንጂ የሚጠቅም መሆኑን አላሳየም። ያዩት ሰዎች በማግስቱ ካላዩት የተሻለ ተጫወቱ የሚል ነገር ከዚህ አይወጣም። በየድረገጹ «ሳይንስ አረጋገጠ፣ ተኝተህ ተማር» እያሉ ይህን ጥናት የሚጠቅሱ ሰዎች ያላለውን ነው የሚያስብሉት።

አይጦቹና የሌሊት ወፎቹ

ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ ሌሎች ተመራማሪዎች በሌላ በር ገቡ።

ከቴትሪሱ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1994፣ ማቲው ዊልሰንና ብሩስ ማክናውተን በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ ቀጫጭን ሽቦ አስገብተው የሕዋሳቱን የኤሌክትሪክ ምልክት አዳመጡ። አይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ «ቦታ አወቅ» ሕዋሳት አሉ። አንዱ አይጡ እዚህ ጥግ ሲደርስ ይጮኻል፣ ሌላው እዚያ ጥግ ሲደርስ። እነሱ ያገኙት ይሄ ነው፦ ቀን አንድ ላይ የጮኹት ሕዋሳት፣ አይጡ ከዚያ በኋላ ጥልቅ እንቅልፍ ሲተኛም አንድ ላይ የመጮህ ዝንባሌ አላቸው። አይጡ ተኝቷል፣ ሕዋሳቱ ግን መንገዱን ይሄዱበታል።

ልብ በሉ፣ ይህ ከቴትሪሱ ጋር ቀጥታ አይገናኝም። እዚያ ሂፖካምፐስ ሳይኖር ምስል መጣ፣ እዚህ ሂፖካምፐሱ ራሱ ነው የሚሠራው። የማይጣጣሙ ሊመስሉ ይችላሉ። እኔ የምረዳው በተለያየ ሰዓት የሚሠራ የተለያየ ሥራ እንደሆነ ነው። አይጥ ምን እንዳየ አይነግርህም፣ ሰው ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ሽቦ ላስገባልህ ብትለው አይስማማም። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች ለብዙ ጊዜ አንድ ዝሆን ከተለያየ ጎን ሲዳስሱ ኖረዋል።

በ2010 ስቲክጎልድና ባልደረባቸው ኤሪን ዋምስሊ ወደ ጥያቄው በቀጥታ መጡ። 99 ሰዎችን ኮምፒውተር ላይ መውጫው በጠፋ መንገድ አንከራተቱ። ከዚያ ግማሾቹ ቀን ላይ ትንሽ እንቅልፍ ተኙ፣ ግማሾቹ ነቅተው ቆዩ። በኋላ ሁሉም ወደዚያው መንገድ ተመለሱ። የተኙት ተሻሻሉ። ተኝተው ስለ መንገዱ ያለሙት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የእነዚህ መሻሻል ግን ተኝተው ስለሱ ካላለሙት አሥር እጥፍ ያህል ነበር። ነቅተው ስለ መንገዱ ሲያስቡ የቆዩት ግን ምንም አልተጠቀሙም።

አራት ሰው አሁንም አራት ሰው ነው። ሌላም አለ። እነዚህ አራቱ በመጀመሪያው ዙር ላይ ደከም ያለ ውጤት የነበራቸው ናቸው። ሕልሙ ነው ያሻሻላቸው? ወይስ ስለከበዳቸው አንጎላቸው ጉዳዩን ይዞት ገባ፣ ሕልሙም መሻሻሉም ከዚያ የመጣ ነው? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሕልሙ ጭስ ነው፣ እሳቱ ከሥር ነው።

እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ የሕልሞቹ ይዘት ነው። ማንም ተኝቶ መንገዱን በትክክል ሲለማመድ አላደረም። አንዱ የሰማው ከጌሙ ጋር የነበረውን ሙዚቃ ብቻ ነው። ሌላው ከመንገዱ ተነስቶ ከዓመታት በፊት ወደጎበኘው የሌሊት ወፍ ዋሻ ሄደ፤ ዋሻውም እንደዚያው የሚያደናግር ነበርና። የቴትሪስ ነባሮች የድሮ ጌማቸውን እንዳወጡት ማለት ነው። ፈተናውን ለማለፍ የሌሊት ወፍ ምን ይረዳል? ምንም። አንጎል ግን አዲሱን መንገድ «እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት የት አየሁ?» እያለ ከአሮጌው ጋር ሲያስተያይ ነበር።

ወደ አምስቱ ታካሚዎች ልመለስና ላብቃ። ጥናቱን ባነበብኩ ቁጥር የቀሩት ሁለቱ ያሳስቡኛል። ሦስቱ ጡቦቹን አየን ብለዋል። ሁለቱ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገሩም። ምናልባት ምንም አልመጣባቸውም ይሆናል። ግን ሌላም መንገድ አለ። በሸለብታ ያየኸውን ለመናገር፣ ምስሉ ከመጣበት እስከምትጠየቅበት ድረስ ይዘኸው መቆየት አለብህ። ለኛ ይህ ከቁጥር የሚገባ ነገር አይደለም። ሐሳባቸው ትንሽ ዞር ሲል ሁሉም ነገር ለሚጠፋባቸው ሰዎች ግን ረጅም ጊዜ ነው። ጡቦቹ ወርደው፣ ዞረው፣ ገጥመው ሊሆን ይችላል። ጠያቂው «አሁን በአእምሮህ ምን ነበር?» ሲል ግን መስመሩ ሞልቶ ጠፍቷል።